የግሽ ምንጭና የውሻው ኮከብ
የሳይንስ ልብ ወለድ ስለ ፈጠራቸው የዘመን መናፍስት የቀረበ ትችት

የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዐይነት ስለ ልዩ ልዩ መሣሪያና ስለ ሰማይ መርከብ ብቻ የሚናገር መስሎ ሲታይ ኖሯል። ጠልቆ ለመረመረው ግን ይህ ድርሰት የራሱን አፈ ታሪክ ሠርቷል፤ አማልክትም፣ ጠባቂዎችም፣ መናፍስትም አሉት። ከነዚህም መካከል ከፍ ያለውን ስፍራ የያዙት ዘመንን የሚገዙ፣ ዘመንን የሚሰርቁ ወይም ዘመንን ለሰው የሚያድሉ መናፍስት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን መናፍስት መመርመር ነው። ምርመራውን ከአገው ምድር የምንጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት ስለ አገው አንድ ዓመታዊ ሥርዓት የተጻፈ ምስክርነት የኮከብን፣ የምንጭንና የመንፈስን ነገር በአንድ አስሮ ያቀርባል፤ ስለዚህም ለልብ ወለድ ደራሲ አስቀድሞ የተዘጋጀለት ጥሬ ነገር ይመስላል። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ያለ ወጣት ደራሲ የአባቶቹን ጥንታዊ እምነት ይዞ ስለ ዘመን መናፍስት ልጻፍ ቢል፣ በመጻሕፍት ውስጥ ፈጥኖ የሚያገኘው ይህንኑ ምስክርነት ነው። እንግዲህ ሊሸከም የማይችለውን እንዳንጭንበት አስቀድሞ መመዘን ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎችና መጻሕፍት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን በየስፍራው እናመለክታለን።

1. የልብ ወለድ መናፍስት ሦስት ወገኖች

የመጀመሪያው ወገን የመንገድ ጠባቂ ነው። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1895 ባሳተመው የዘመን መኪና በተባለው መጽሐፉ፣ ዘመን ሰው ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድበት መንገድ ሆነ። ተጓዡ በሠራው መኪና ተቀምጦ እስከ 802701 ዓመተ ምሕረት ድረስ ይሄዳል። በዚያ ዘመን መንፈስ የሚባል ነገር የለም ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የሴት ራስና የአንበሳ አካል ያለው ታላቅ ነጭ ምስል ቆሞ ይገኛል፤ መኪናውም በምስሉ መቆሚያ ውስጥ ተቈልፎበት ተጓዡ መመለሻ ያጣል። ደራሲው መናፍስትን ከታሪኩ አስወጥቶ ሲያበቃ፣ በበሩ ላይ ጥንታዊውን ጠባቂ መልሶ አቆመው ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን ሌባውና አዳዩ ናቸው። ጀርመናዊው ሚካኤል ኤንደ በ1973 ባወጣው ሞሞ በተባለ ድርሰቱ፣ ግራጫ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወደ ከተማው ገብተው ሕዝቡ ጊዜውን እንዲቈጥብና ለባንካቸው እንዲያስቀምጥ ያባብሉታል። የተቈጠበው ጊዜ ግን ወደ ባለቤቱ አይመለስም፤ ግራጫዎቹ ራሳቸው ይኖሩበታል። በነርሱ አንጻር ሆራ የተባለው ሽማግሌ ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነለትን ጊዜ ሲያድል ይታያል። ይህ መጽሐፍ ከሳይንስ ልብ ወለድ ይልቅ ወደ ተረት የሚያደላ ቢሆንም፣ ዘመን ባለቤትና ሌባ እንዳለው አድርጎ በግልጽ ያሳየ በመሆኑ ከቁጥራችን ልናስወጣው አይገባም።

ሦስተኛው ወገን ከኮከብ የወረደው መምህር ነው። በዚህ ዐይነቱ ታሪክ ከሰማይ የመጡ ፍጥረታት የሰውን ልጅ የዘመን አቆጣጠር አስተምረው ይሄዳሉ፤ ሕዝቡም ትምህርቱን እስከ ዛሬ ሳያውቀው በሥርዓቱ ውስጥ ይጠብቃል ይባላል። ከሦስቱ ይልቅ ለባሕል ተመራማሪ የሚያሰጋው ይህ ወገን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልብ ወለድ መሆናቸውን አይሸሽጉም፤ ሦስተኛው ግን የሕዝብን ስም ምስክር አድርጎ ይጠራል።

2. ሦስት ምስክሮች

የዐባይ መነሻ የሚባለው የግሽ ምንጭ ከዛሬው የአዊ ዞን በስተ ምሥራቅ በሰከላ ይገኛል። ወደዚያ የሄዱት የአውሮጳ ሰዎች ስፍራውን የአገው ምድር አድርገው ጽፈውታል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አየ። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የነበረው ጄሮኒሞ ሎቦም ከርሱ በኋላ ስለ ምንጩ ጻፈ። እንደ ሎቦ አነጋገር ካህኑ በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡን ይጠራል፤ ላም ይሠዋል፤ ራስዋም ወደ ውሃው ይጣላል፤ ከዚያም የመጣው ሁሉ በበኩሉ ያርዳል። ሎቦ ጥሪውን ከኮከብ መውጣት ጋር አያያይዘውም።

ሦስተኛው ምስክር ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ኅዳር ወር 1770 ግሽ ደርሶ፣ ያየውንና የሰማውን በ1790 በታተመው ባለ አምስት ክፍል መጽሐፉ አስፍሯል። በምንጩ ላይ የሚያገለግለውን ካህን አነጋግሮ፣ በውሃው ውስጥ ያደረው መንፈስ የብርሃንና የሰላም ማዕርግ ባላቸው ስሞች እንደሚጠራ ይነግረናል። ቀጥሎም በዓመት አንድ ጊዜ፣ የውሻው ኮከብ መጀመሪያ በሚታይበት ጊዜ፣ ወይም እንደ ሌሎች አባባል ከዚያ 11 ቀን ቆይቶ፣ ካህኑ የየነገዱን አለቆች እንደሚሰበስብ፤ ወልዳ የማታውቅ ጥቁር ጊደር እንደምትታረድ፤ ራስዋ በምንጩ እንደሚነከር፤ ሥጋዋም በነገዶቹ ቍጥር ተከፍሎ በዚያው ስፍራ እንደሚበላ ይተርካል። የውሻ ኮከብ የሚለው ሲሪየስ የተባለውን፣ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ የበለጠ ብሩህ የሆነውን ነው።

እነሆ፣ ምንጭ፣ መንፈስ፣ ኮከብና የተወሰነ ቀን በአንድ ላይ ተገኙ። ለሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልገዋል? የተቺው ሥራ ግን ከዚህ ይጀምራል።

3. ኮከቡ ከየት መጣ?

ብሩስ በግሽ የታረደችውን ጊደር አልፈጠራትም፤ ስለ መሥዋዕቱ ሎቦም ከርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ይመሰክራል። ኮከቡን በሚመለከት ግን አራት ነገሮች ጥርጣሬ ያሳድሩብናል።

አንደኛው የሰማዩ ሁኔታ ነው። ሲሪየስ ከፀሐይ ጋር ተሰውሮ ከቈየ በኋላ በዚህ አገር ጎሕ ሲቀድ እንደገና የሚታየው በሐምሌ ነው። በአገው ምድር ሐምሌ ደመናና ጉም ከሰማይ የማይለይበት ወር መሆኑን እንጅባራን ወይም ዳንግላን በክረምት ያየ ሁሉ ያውቃል። ሕዝብን ከየአገሩ የሚጠራ ካህን፣ ምልክቱን በዓመቱ ውስጥ ለማየት ከሁሉ በሚያስቸግረው ሰማይ ላይ ያደርገዋል ብሎ ማመን ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የ11 ቀኑ ነገር ነው። ብሩስ በዘመነበት መቶ ዓመት በአሮጌው የዩልዮስና በአዲሱ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል የነበረው ልዩነት በትክክል 11 ቀን ነበር፤ እንግሊዝም ወደ አዲሱ የዞረችው በ1752 ነበረ። በእኛም ባሕረ ሐሳብ ጥንተ አበቅቴ 11 ነው፤ ይህም የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ቀን ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን፣ 11 የቀን ቈጣሪ ሊቅ ቍጥር እንጂ ሌሊት ተነሥቶ ኮከብ የሚጠብቅ እረኛ ቍጥር አይመስልም። እንግዲህ ከብሩስ ነጋሪዎች መካከል ቢያንስ አንዳንዶቹ ቀኑን የሚያውቁት በአቆጣጠር ነበረ ለማለት እንደፍራለን።

ሦስተኛው ብሩስ ራሱ ወደ ግሽ ይዞት የመጣው ሐሳብ ነው። በጥንታዊት ግብፅ የሲሪየስ መውጣት የዓባይን ሙላትና የአዲስ ዓመትን መግባት የሚያበሥር ነበር። ብሩስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ማወቅ ብቻም አይደለም፣ ግሽ ከመድረሱ በፊት በአክሱም ያያቸውን ከመቶ የሚበልጡ የድንጋይ መቀመጫዎች የውሻው ኮከብ ምስሎች የቆሙባቸው ናቸው ብሎ ተርጕሟቸዋል። በ1906 ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የምርምር ጉዞ ግን እንዲህ ያሉትን መሠረቶች የዙፋን መሠረቶች አድርጎ መዝግቧቸዋል። በአክሱም ድንጋይ ላይ ያልነበረውን ኮከብ ያየ ዐይን፣ በግሽ ምንጭ ላይም ሊያየው እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

አራተኛው ኮከቡ ከብሩስም በፊት በልብ ወለድ ውስጥ መገኘቱ ነው። የሎቦን መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በ1759 የኢትዮጵያውን መስፍን የራስላስን ታሪክ ጻፈ፤ ይህንንም ድርሰት ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚያ ታሪክ ውስጥ በግብፅ የሚኖር አንድ የከዋክብት ሊቅ አለ። ለብዙ ዓመት ብቻውን ሰማይን ሲመረምር ከኖረ በኋላ፣ ዝናቡንና ወራቱን የምመራው፣ ፀሐይን ከወሰንዋ እንዳታልፍ የምጠብቃት፣ ዓባይንም የማስሞላው እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፤ የውሻውን ኮከብ ትኵሳትም እርሱ እንደ ገታው ይናገራል። ስለዚህ ዓባይና የውሻው ኮከብ ብሩስ አገሩን ሳይለቅ በፊት በአውሮጳ አንባቢ ልቡና ውስጥ ተጋብተው ነበር።

ይህን ስንል ብሩስ ዋሸ ማለታችን አይደለም። ከዋክብትን አይቶ ወራትን የሚለይ ገበሬ በየአገሩ አለ፤ የግሽም ሰው የራሱ የኮከብ ዕውቀት ሊኖረው ይችላል። የምንለው፣ የኮከቡ ነገር በአንድ ሰው ቃል ላይ ብቻ የቆመ፣ ያም ሰው ኮከቡን በየስፍራው ሲፈልግ የኖረ መሆኑን ነው። በእንደዚህ ያለ ምሰሶ ላይ ታላቅ ቤት አይሠራም።

4. የዶጎን ትምህርት

እንዲህ ባለ ምሰሶ ላይ ቤት ተሠርቶ ምን እንደ ደረሰ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ለኢትዮጵያ ጥናት እንግዳ አይደለም፤ በ1928 እና በ1929 ወደ ጎጃም ተጕዟል፤ ከ1931 እስከ 1933 የተደረገውንና ጎንደርን የነካውን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ያለውን ጉዞም የመራው እርሱ ነው። ይኸው ሊቅ በ1950 ከዠርሜን ዲየተርሌን ጋር ሆኖ፣ በማሊ የሚኖሩት የዶጎን ሰዎች ሲሪየስን የሚከተል በዐይን የማይታይ ጓደኛ ኮከብ እንዳለ ያውቃሉ ብሎ ጻፈ። ያ ጓደኛ ኮከብ በእውነት አለ፤ በመነጽር መጀመሪያ የታየውም በ1862 ነው።

ከዚያ በኋላ በ1976 ሮበርት ቴምፕል የተባለ ጸሐፊ ይህን ዘገባ መነሻ አድርጎ፣ ዶጎኖች ዕውቀታቸውን ያገኙት ከሲሪየስ ወገን ወደ ምድር ከወረዱ ፍጥረታት ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነኝ አላለም፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀድቶበታል። ሆላንዳዊው የባሕል ተመራማሪ ዋልተር ቫን ቤክ ከዶጎን ዘንድ ለረዥም ጊዜ ተቀምጦ ሲመረምር፣ ግሪዮል የተረከውን የሲሪየስ ትምህርት በሕዝቡ መካከል እንዳላገኘው በ1991 አሳወቀ።

እዚህ ላይ የተጐዳው ማን ነው? ቴምፕል አይደለም፤ መጽሐፉ ተሸጦለታል። የተጐዱት ዶጎኖች ናቸው። ስለ እርሻቸው፣ ስለ ቀብራቸው፣ ስለ ጭምብላቸውና ስለ ሽምግልናቸው ከሚጠይቃቸው ይልቅ ስለ አንድ ኮከብ የሚጠይቃቸው መንገደኛ በዝቷል። ከሌላ ዓለም ተማሩት ሲባል ደግሞ፣ የራሳቸው አእምሮ ፍሬ ከእጃቸው ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ። የአገው ምድር ሁለተኛ ዶጎን እንዲሆን የማንፈቅደው በዚህ ምክንያት ነው። የብሩስን አንድ ዐረፍተ ነገር ይዞ አገዎች ከሲሪየስ የመጣ የዘመን መንፈስ ያመልኩ ነበር የሚል ድርሰት መጻፍ ቀላል ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ድርሰት ለታሪክ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስ አይጠፋም።

5. ኮከቡ ሲወጣ የሚቀረው

ኮከቡን ከብሩስ ምስክርነት ብናወጣው የሚቀረው ጥቂት አይደለም። ቀን አለ፤ ስፍራ አለ፤ የሚጠራ ሰው አለ፤ ተጠርቶ የሚመጣ ነገድ አለ፤ በቍጥር የሚከፈል ሥጋ አለ። በሎቦም በብሩስም ዘንድ ጸንተው የሚገኙት መጥራትና መሰብሰብ ናቸው፤ ክፍያውን ብሩስ ይጨምርልናል። በዚህ ሥርዓት ዓመት የሚለወጠው ከሰማይ የሆነ ኀይል ስለ ገፋው አይደለም፤ የተበታተኑት ወገኖች ተጠርተው በአንድ ስፍራ ስለ ተገናኙና እያንዳንዱ ድርሻውን ስለ ተቀበለ ነው። አዊዎች ራሳቸውን ሰባት ቤት አገው ብለው መጥራታቸውና አንከሻን፣ አዘናን፣ ባንጃን፣ ቻራን፣ ኳኩራን፣ መተከልንና ዚገምን እንደ ወንድማማች መቍጠራቸው የታወቀ ነው። ድርሻ በቤት ቍጥር በሚከፈልበት አገር፣ የዘመን መንፈስ ገዢ ከመሆን ይልቅ ጠሪና ከፋይ ቢሆን አያስደንቅም።

ይህ አስተሳሰብ በአገው ምድር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመታት ለአራቱ ወንጌላውያን በተራ ይሰጣሉ። 5500 ዓመተ ፍዳን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምሮ ለአራት በመግደፍ፣ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ቢያልቅ ዮሐንስ ይሆናል። ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. ከ5500 ጋር 7515 ይሆናል፤ ለአራት ሲገደፍ ሦስት ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ ነበረ፤ ጳጉሜንም 6 ሆነች። ወንጌላዊው የዘመኑ ፈጣሪ አይደለም፤ ተረኛ ነው፤ ዓመቱን ተቀብሎ ይጠብቃል፤ ሲፈጸምም ለባልንጀራው ያስረክባል። የወሩም ቀኖች እንዲሁ ባለቤት አላቸው፤ 12 የሚካኤል፣ 21 የማርያም፣ 23 የጊዮርጊስ ነው። በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ የሚሰበሰቡትም ጥር 23 ቀን ነው። ቀኑ የሰማዕቱ፣ ፈረሱ የአርበኞቹ መታሰቢያ ነው፤ ዛሬም በዚህ አገር ቀን የሚከበረው በመጥራትና በመሰብሰብ መሆኑን የሚያይ ያያል።

ክፉ የሆነው የጊዜ መንፈስም ከዚህ ሥርዓት ውጪ አይደለም። መዝሙረ ዳዊት የሚያነሣው የቀትር ጋኔን በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው። በቀትር ወደ ወንዝ አትውረድ ተብሎ ያልተገሠጸ ሕፃን ጥቂት ነው። ይህ ጋኔን ዘመንን ሁሉ አይገዛም፤ የያዘው አንዲት ሰዓትና አንድ ስፍራ ነው። ሰዓቲቱ ስታልፍ ኀይሉም ያልፋል። እርሱም በክፋቱ ተረኛ ነው ማለት ነው።

በግሽ በኋላ የጸናው የክርስቲያን ትውፊትም ወደዚሁ ያመለክታል። አቡነ ዘርዐ ብሩክ በስደታቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታትም በኋላ ውሃ ሳይነካቸው ተቀበሏቸው ይባላል። ውሃው ዘመንን ተሻግሮ መጽሐፍን ጠብቆ መለሰ። በዚህ ትውፊት ውስጥ ወደ ኋላ የሄደ የለም፤ ወደ ፊትም የዘለለ የለም፤ አደራ ተቀባይ ብቻ ነው ያለው። በዕለት ንግግራችንም ጊዜ ሰጪ ነው፤ ጊዜ ለሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እንላለን። የተሰጠ ነገር ደግሞ ተራው ሲደርስ ለሌላ ይተላለፋል።

6. በዚህ ሚዛን የተመዘኑ ድርሰቶች

እንግዲህ ጠሪው፣ ተረኛውና አደራ ጠባቂው ከገዢው የተለዩ መሆናቸውን ካወቅን፣ ወደ ልብ ወለዶቹ ተመልሰን ልንመዝናቸው እንችላለን።

የዌልስ ተጓዥ ብቻውን ይሄዳል፤ ማንም አልጠራውም፤ በደረሰበትም ዘመን ድርሻ የለውም። ስለዚህ ወደዚያ ዘመን የሚገባው እንደ እንግዳ እንኳ ሳይሆን እንደ ተመልካች ነው። የመጽሐፉ ኀዘን ከዚህ የመነጨ ይመስለናል፤ ዘመንን መንገድ ያደረገ ሰው በመጨረሻ ቤት አያገኝም። የኤንደ ሆራ ግን አዳይ በመሆኑ ወደ እኛ አሳብ ይቀርባል። ልዩነታቸው ሆራ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ማደሉ ነው፤ በግሽ ድርሻው ለቤት እንጂ ለነጠላ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ጠልቆ ያየው ጆንሰን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የእርሱ የከዋክብት ሊቅ ዘመንን ብቻዬን እገዛለሁ ባለ ጊዜ ደራሲው ኀያል አላደረገውም፤ ሕመምተኛ አደረገው እንጂ። ሊቁ ሹመቱን የሚረከበው ሰው በመፈለግ ይጨነቃል፤ የሚድነውም በመድኀኒት ሳይሆን ከሰው ጋር በመቀመጥና በመነጋገር ነው። ተራውን የሚያስረክበው ያጣ የዘመን ጌታ እብድ መሆኑን፣ ማኅበርም ፈውሱ መሆኑን ጆንሰን ግሽን ሳያይ ተረድቶታል። በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ በዙፋን የተቀመጡት የዘመን ጌቶች ብዙዎቹ፣ ከዚህ ሕመምተኛ ሊቅ ያልዳኑ ወንድሞች ናቸው።

በአማርኛ የሚናገረውን ሥራ ብንመለከት፣ በአዲስ አበባ ይኖር የነበረው ስፔናዊ ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው ክራምዝ የተባለ ፊልም ይገኛል፤ ትርጓሜው ፍርፋሪ ማለት ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ዋናዎቹን ሰዎች ሆነው ይጫወታሉ። ዓለም ከፈረሰች በኋላ በሰማይ ላይ ለዘመናት ቆሞ የኖረ መርከብ ሥራ ሲጀምር፣ አንድ ዕቃ ለቃሚ ነገሩን ለማወቅ ይነሣል፤ የዳሎልም ምድር በፊልሙ ውስጥ ይታያል። ከቀድሞው ዘመን የተረፉ መጫወቻዎችና የሙዚቃ ሸክላዎች የከበረ ቅርስ ሆነው ይሸጣሉ፤ ነጋዴውም ለእያንዳንዱ የፈጠራ ታሪክ ይሰጠዋል፤ ሰዎች ያለፈውን ዘመን ዝነኞች እንደ ቅዱሳን ይጠሯቸዋል።

ፊልሙ በዚህ ነጥብ ምስጋና ይገባዋል። የዕቃ ነጋዴው ብሩስ በአክሱም፣ ቴምፕል በዶጎን ያደረጉትን በሳቅ አስመስሎ ያሳየናል፤ ትርጓሜው የጠፋበትን ነገር ሁሉ መለኮት የማድረግን ልማድ ያጋልጣል። የሚጐድለው ግን አለ። የጸለዩት ስሞች ሁሉ የውጭ አገር ስሞች ናቸው፤ ምድሩ ኢትዮጵያ፣ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ሳለ፣ ዘመንን በተራ የሚጠብቁት የዚህ ምድር ባለቤቶች አልተጠሩም። ዓለም ፈርሳ የጊዮርጊስን ቀን የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ አይቀርም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የዘመን ፍርፋሪ አለ፤ ፍርፋሪውን የሚከፍል ግን የለም።

7. ለደራሲና ለተማሪ የቀረበ ምክር

ደራሲ የመፍጠር ነጻነት እንዳለው አንክድም። የአገው ጠፈር ተጓዥ፣ በዘንገና ሐይቅ ላይ የሚያርፍ የሰማይ መርከብ፣ በአውኚ ቋንቋ የሚናገር የዘመን መንፈስ ቢጽፍልን ደስ ይለናል። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፈጠረውን የፈጠርሁት ነው ይበል እንጂ አባቶቻችን እንዲህ ያምኑ ነበር ብሎ በሕዝብ ስም አይማል። ሁለተኛ፣ ከብሩስ ሲወስድ ኮከቡን ከመውሰዱ በፊት ጥሪውንና ክፍያውን ይውሰድ፤ ለሥነ ጽሑፍም የሚበጀው ይህ ነው። ከሰማይ የወረደ ገዢ በሌላው ዓለም ልብ ወለድ ሞልቷል፤ ዓመቱን ለተረኛው ማስረከብ የተሳነው፣ ወይም ሰባቱን ቤት ጠርቶ ስድስቱ ብቻ የመጡለት የዘመን መንፈስ ግን ገና አልተጻፈም። ሦስተኛ፣ መንፈሱን ስፍራ አያሳጣው። የቀትር ጋኔን ያለ ወንዝ፣ የግሽ መንፈስም ያለ ምንጭ ባዶ ስም ነው።

ለተማሪዎች የምንተወው ሥራ ከዚህ የተለየ ነው። በአንከሻ፣ በባንጃና በዳንግላ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች ወራትን በምን ምልክት እንደሚለዩ፣ ማኅበርን ማን እንደሚጠራና ድርሻ በምን ቍጥር እንደሚከፈል በአውኚ ቋንቋ ተጠይቀው ቃላቸው እንዳለ ይመዝገብ። ስለ ኮከብ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሲሪየስን ስም በአፋቸው እንዳያኖር ይጠንቀቅ፤ ስለ ክረምት ምልክት በጠቅላላው ይጠይቅና እነርሱ የሚሉትን ይስማ። ኮከቡ በዚህ መንገድ ከመጣ ብሩስ እውነተኛ ምስክር ሆኖ ይገኛል፤ እኛም በደስታ እንቀበለዋለን። ካልመጣም የአገው ዘመን የጐደለው ነገር የለም፤ ምንጩ፣ ቀኑና የተጠሩት ቤቶች በስፍራቸው ናቸው።